ላሳድሰው ወይስ ሌላ ሞተር ልግዛ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከሐዋሳ ነው። ባለ 5ኤል (የቶዮታ ናፍታ) ሞተር ዶልፊን ሚኒባስ አለኝ፤ ሻርጃ ከምትሠራው እህቴ ጋር በጋራ የገዛነው ነው። በቅርቡ ሾፌሬ ከሞጆ ሰው ጭኖ ሲመጣ፣ ባቱን አለፍ እንዳለ የራዲያተሩ የታችኛው ቱቦ ፈነዳ። እሱ ግን “የሙቀት መለኪያው ከፍ ብሎ ነበር፤ ወዲያው ወደ ቦታው ተመለሰ” ብሎ መንገዱን ቀጠለ። አርሲ ነገሌ ሳይደርስ ሞተሩ ጉልበት አጣ፣ አንኳኳ፣ ከዚያም ተጣብቆ ቆመ። የአካባቢው ሰዎች ሊያግዙ ብለው ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሰውበታል። ጋራዥ ተጎትቶ ሲፈታ ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚዘጋው የሞተሩ ራስ) በቫልቮላዎቹ መካከል ተሰንጥቋል፣ ሦስተኛው ፒስተን ሲሊንደሩን ቧጥጦታል፣ ሁለት ብሮንዚናዎች (ክራንኩ የሚዞርባቸው ስስ ማቀፊያዎች) ተቃጥለው ክራንኩ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ሰማያዊ ሆኗል። ብሎኩ ግን አልተበሳም። መካኒኩ “ይታደሳል፤ ሦስት ሳምንት ይፈጃል” ይላል። አንድ ደላላ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ በሦስት ቀን ተገጥሞ የሚነሣ የዱባይ ሞተር አለኝ ይላል፤ ዋጋው የእድሳቱን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። እህቴም “ሙሉ ሞተር ከዚህ ልላክልህ” ትለኛለች። መኪናው ቆሞ የእቁቤን ዕጣ መክፈል አቅቶኛል። የትኛው ይሻለኛል? ሾፌሩንስ ደመወዙን ይዤ የጉዳቱን ድርሻ ላስከፍለው?

መልስ፦ ከሾፌሩ ልጀምር፤ የእሱ ጉዳይ ቶሎ ያልቃል። ደመወዙን ስጠው። መለኪያው ወደ ቦታው ተመለሰ ያለህ እውነቱን ነው። ሙቀቱን የሚለካው ሴንሰር በትክክል የሚሠራው ውሃ ውስጥ እንደተነከረ ነው። ውሃው በፈነዳው ቱቦ ፈስሶ ሲያልቅ ሴንሰሩ ባዶ ቦታ ላይ ይቀራል፤ መርፌውም ቁልቁል ይወርዳል። ሞተሩ ከሁሉ በላይ በነደደበት ሰዓት ዳሽቦርዱ ሰላም ነው ይልሃል ማለት ነው። መርፌው ከፍ ብሎ ድንገት ከወረደ ዳር ይዞ ማጥፋት እንደሚገባ ለሾፌሮቻችን የሚነግር ሰው ብዙም የለም። አንተ ንገረው፤ መጪውንም ሞተር የሚነዳው እሱ ነው። ውሃ ያፈሰሱትንም ተዋቸው፤ ቴስታታው በእነሱ ውሃ ይሰንጠቅ ወይም ቀድሞውኑ በሙቀቱ፣ ዛሬ መለየት አይቻልም።

አሁን ወደ ብረቱ እንግባ። እኔ ዕድሜዬን ክራንክ ስፈጭ፣ ሲሊንደር ሳሰፋ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ወደ እድሳት ያደላል ብለህ ብትጠረጥረኝ አልቀየምህም። ስለዚህ ሐሳቤን ከመስጠቴ በፊት በቁጥር እንነጋገር።

መካኒክህ “ይታደሳል” ያለው በዓይኑ ብቻ አይቶ ከሆነ እስካሁን ምንም አልነገረህም። ብሎኩና ክራንኩ በደንብ ታጥበው ቶርኖ ቤት ይሂዱ፤ አንተም አብረህ ሂድ። ባለሙያው መለኪያውን ከሲሊንደሩ አፍ ትንሽ ዝቅ አድርጎ፣ ከዚያ መሃል ላይ፣ ከዚያም ታች ሲያስገባ ታያለህ፤ በየቦታው አንዴ በሞተሩ ርዝመት፣ አንዴ በአግድም። የ5ኤል ሲሊንደር ከፋብሪካ ሲወጣ ስፋቱ 99.5 ሚሊ ሜትር ነው። ላይኛው ክፍል ከታችኛው ሰፍቶ ቢገኝ አትደንግጥ፤ ፍንዳታው ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) አብዝቶ የሚገፋው እዚያ ላይ ስለሆነ የሠራ ሞተር ሁሉ እዚያ ይበላል። የአራቱንም ሲሊንደሮች ቁጥር በወረቀት አስጽፈህ ተቀበል። ቁጥር ካልጻፈልህ ሌላ ቶርኖ ቤት ፈልግ።

ከዚያ ሦስተኛው ሲሊንደር ውስጥ ጥፍርህን በጭረቱ ላይ በአግድም አሳልፈው። ጥፍርህ ሳይያዝ ካለፈ ጉዳዩ ቀላል ነው። ከተያዘ የጭረቱን ጥልቀት ማወቅ አለብን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሲሊንደሩ በ0.50 ሚሊ ሜትር ይሰፋል ሲባል በየጎኑ የሚላጠው 0.25 ብቻ ነው። ከሩብ ሚሊ ሜትር የጠለቀ ጭረት በዚያ አይጠፋም፤ የተሠራው ሞተርም በስድስት ወሩ ዘይት መጠጣት ይጀምራል። ጭረቱ ከጠፋ አራቱንም ሲሊንደሮች በአንድ ልክ አስፍተህ የ0.50 ፒስተን ከነፋሻው ታስገባለህ። ካልጠፋ ለሦስተኛው ካሚቻ (አዲስ የሲሊንደር ግድግዳ የሚሆን የብረት ቱቦ) ይገባለታል። የ5ኤል ብሎክ ወፍራም የብረት ብሎክ ስለሆነ ካሚቻ ይቀበላል፤ ሥራውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ግን ይሁን።

ሰማያዊው ክራንክ ነው የሚያሳስበኝ። ይህ ቀለም ብረት 300 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ የሚይዘው ነው። ዘይት በደረቀበት ቦታ ብሮንዚናው ቀልጦ ክራንኩን እንደዚያ አግሎታል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ክራንክ በውስጡ ስንጥቅ ሊይዝ፣ ሊጎብጥም ይችላል፤ መጀመሪያ የስንጥቅ ምርመራ ይደረግለት፣ ቀጥሎ በሁለት ድጋፍ ላይ ተጋድሞ እየተሽከረከረ ቀጥታነቱ ይለካ። ሁለቱንም ካለፈ በ0.25 ወይም በ0.50 ተፈጭቶ በልኩ የተሠራ ብሮንዚና ይገባለታል። አንዱን እንኳ ከወደቀ ሌላ ክራንክ ግዛ። በብየዳ ተሞልቶ የተፈጨ ክራንክ ሊያሳምኑህ የሚመጡ ይኖራሉ፤ ሰው ለሚጭን መኪና በፍጹም አልስማማም። ብሮንዚናቸው የተቃጠለባቸውን ሁለቱን ቢየላዎችም (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኙትን) እንዳትረሳቸው። ክራንኩን የሚያቅፈው ክብ በሙቀቱ ሞላላ ይሆናል፤ አዲስ ብሮንዚና ሞላላ ቤት ውስጥ ገብቶ አይከርምም።

ቴስታታውን አታሳድሰው። በቫልቮላዎች መካከል የተሰነጠቀን ቴስታታ በብየዳ መመለስ ለጥቂት ወራት ይሠራ ይሆናል፤ አንተ ደግሞ ከሐዋሳ ሞጆ እየተመላለስክ ነው የምትበላው። አዲስ ቴስታታ ግዛ። እህትህ የምታስፈልግህም እዚህ ላይ ነው። ሙሉ ሞተር ከ200 ኪሎ በላይ ነው፤ መርከብ፣ ጅቡቲ፣ ጉምሩክ፣ ጭነት ሲደመር መቼ እጅህ እንደሚገባ የሚያውቅ የለም። ቴስታታና የፒስተን ስብስብ ግን በአየር ካርጎ ይመጣል። የድሮውን ቴስታታ ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር ፎቶ አንሥተህ ላክላት፤ ሻርጃ ያሉት ነጋዴዎች በዚያ ቁጥር ይረዱዋታል። የፒስተኑን ልክ ግን ብሎኩ ሳይለካ እንዳታዝዝ፤ 0.50 ተልኮ ብሎኩ ካሚቻ ቢፈልግ ገንዘቡ መሬት ላይ ቀረ።

ስለ ደላላህ ሞተር። ምናልባት ከእህትህ መሥሪያ ቤት ብዙ ሳይርቅ የተነሣ ይሆናል! ያገለገለ ሞተር መግዛት ነውር የለበትም፤ ብሎክህ ተበስቶ ወይም የክራንኩ መቀመጫ ተሰንጥቆ ቢሆን እኔው ራሴ ሶማሌ ተራ ሂድ እልህ ነበር። ነገር ግን የራስህን ሞተር በሽታ ታውቀዋለህ፤ የእሱን በሽታ የምታውቀው ገንዘቡን ከከፈልክ በኋላ ነው። ቀለም ተቀብቶ የሚያበራ ሞተር ሲያሳዩህ ተጠራጠር፤ አቧራና የዘይት ላብ ያለበት ሞተር የበለጠ ይነግርሃል። የላይኛውን ክዳን አስከፍተህ ውስጡን እይ፤ ጥቁር ጭቃ የመሰለ ዘይት ከተጋገረበት ባለቤቱ ዘይት አይቀይርም ነበር። ኮፓው (ከታች ያለው የዘይት ቋት) ይውረድና አንድ ብሮንዚና ይፈታ። ሻጩ እምቢ ካለ መልሱን ሰጥቶሃል።

የሲሊንደሮቹን የአየር ግፊትም አስለካ፤ እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልንገርህ። በመጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር በባሕር ጠለል የተለካ ነው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ሳስቶ ስለሚገኝ ደህና ሞተር እንኳ ከመጽሐፉ አንድ አራተኛ ያህል ዝቅ ብሎ ያነባል፤ ሐዋሳ ላይ አንድ አምስተኛ ያህል። ይህን የማያውቅ ሰው ጤነኛውን ሞተር “ደክሟል” ብሎ ይጥላል፤ የሚያውቅ ሻጭ ደግሞ የደከመውን “ከፍታው ነው” ብሎ ይሸጣል። ማታለል የማይቻለው በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ ብቻውን ወድቆ ከተገኘ ከፍታው ምንም አያገባውም።

ደላላው የነገረህ ዋጋም ሙሉው አይደለም። ያገለገለ 5ኤል ሳይነሣ በፊት ታይሚንግ ቤልቱ ይቀየራል፤ ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር እንደሄደ የሚነግርህ የለም፣ ሲበጠስ ደግሞ ቫልቮላዎቹን ይዞ ይሄዳል። የውሃ ፓምፕ፣ የፊትና የኋላ ዘይት መያዣ ጎማዎች፣ ኖዝል ማስፈተሽ ይጨመራል። የመጣው ሞተር ከሃይሉክስ የወረደ ከሆነ ኮፓውና መቀመጫዎቹ ለዶልፊን አይሆኑም፤ ከድሮው ሞተርህ ተፈትተው መዛወር አለባቸው። ሦስት ቀን የተባለው ያን ጊዜ ሳምንት ይሆናል። “ዋስትና አለው” ካለህ በጽሑፍ ይስጥህ፤ ዋስትናው ሞተሩ እስኪነሣ ድረስ ነው ወይስ ከተነሣ በኋላ የሚለውን ጨምሮ።

እንግዲህ ሐሳቤ ይኸው። ብሎክህ ስንጥቅ ከሌለውና ክራንኩ ካለፈ አሳድስ። ክራንኩ ቢወድቅ እንኳ ሌላ ክራንክ ገዝተህ አሳድስ፤ አሁንም ከደላላው ዋጋ በታች ትሆናለህ ብዬ አስባለሁ። ክራንኩም ወድቆ፣ ካሚቻ ከአንድ ሲሊንደር በላይ አስፈልጎ ከተገኘ ግን ሐሳቤን ቀይሬአለሁ፤ ያገለገለውን ሞተር ከላይ እንዳልኩህ ፈትሸህ ግዛ። አንድ ነገር ብቻ አታድርግ፦ ገንዘብ ለመቆጠብ ብለህ የተቧጠጠ ሲሊንደር ውስጥ አዲስ ፋሻ ብቻ አስገብተህ እንዳትዘጋው። በየጋራዡ ስሙ ግማሽ እድሳት ነው፤ ከሙሉው እድሳት የሚበልጥ ገንዘብ የሚያስወጣው ይህ ነው፣ ሁለት ጊዜ ስለሚከፈልበት።

ስለ ሦስቱ ሳምንታት፦ ጊዜውን የሚበላው ሥራው ራሱ ሲሆን አላየሁም። መካኒኩ ሞተሩን ፈትቶ ዕቃ ፍለጋ አንተን ተክለ ሃይማኖትና ሶማሌ ተራ ሲያመላልስህ ነው ጊዜው የሚያልቀው። ሙሉውን ዝርዝር በአንድ ወረቀት ተቀበለው፣ ዕቃው በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ሳይቀመጥ መግጠም እንዳይጀምር ንገረው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣልና በዋጋ ወረቀቱ ላይ ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸና አስጽፍ።

ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት የሚቀረው ራዲያተሩ ነው። ቱቦው ፈነዳ ብለህ ቱቦውን ብቻ ቀይረህ እንዳታልፍ። ራዲያተሩ ይፈተሽ፣ ቱቦዎቹ ሁሉ ይቀየሩ፣ ክዳኑም አዲስ ይሁን። ክዳኑን ሰው ይንቀዋል፤ ሐዋሳ ላይ ግን ክፍት ውሃ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ 92 አካባቢ። ቴርሞስታቱ 82 ዲግሪ ላይ የሚከፈት ሞተር ከመፍላት የሚለየው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው ማለት ነው። ግፊቱን የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ሃያ ዲግሪ ያህል ይጨምርልሃል። ስፕሪንጉ የደከመ ክዳን ይዘህ ቁልቢ ብትሄድ ከመንገድ ላይ ትቀራለህ። መካኒክህ ቴርሞስታቱን “አያስፈልግም” ብሎ አውጥቶ ከጣለም መልሶ ያስገባው።

የድሮው ሞተር ብሮንዚና ደቅቆ በዘይት መንገዱ ሁሉ ተበትኗል። የዘይት ማቀዝቀዣ ካለው ይቀየር፤ አጥቦ ማጽዳት በቂ አይሆንም። ከተገጠመ በኋላ የናፍታ መዝጊያው ሽቦ ተነቅሎ፣ ዘይቱ ላይኛው ክፍል እስኪደርስ ድረስ በሞተሪኖ ይዙር፤ ከዚያ ይነሣ። የመጀመሪያውን 1,000 ኪሎ ሜትር ሰው እየጫነ ቢሄድም ግድ የለም፣ ሻንጣ በጣሪያ ላይ ቆልሎ ዳገት በሙሉ ጉልበት እንዳይወጣ ብቻ። ከዚያ ዘይቱ ይቀየር።

ጥያቄ፦ ከገርጂ የምጽፍ መምህርት ነኝ። ያሪስ 1.3 መኪናዬ በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሊትር ያህል ዘይት ይጨመርበታል። መካኒኬ ሞተሩ ወርዶ ሲሊንደሩ ሰፍቶ የ0.50 ፒስተን ይገባለታል ይላል። ልስማማ?

መልስ፦ አይስማሙ። ከላይ ለሐዋሳው ወንድማችን የመከርኩት ለእርስዎ አይሠራም። ሞተርዎ 2ኤንዜድ ከሆነ ብሎኩ አሉሚኒየም ነው፤ ሲሊንደሮቹ በውስጡ የተጣበቁ ስስ የብረት ካሚቻዎች ናቸው። ለመስፋት የታሰበ ብረት የላቸውም። ሰፍቶ ቢሠራ እንኳ የቀረው ግድግዳ ስስ ስለሚሆን ሙቀት ሲያገኘው ቅርጹን ይስታል።

ሞተሩ ሳይወርድ የሚደረጉ ነገሮች አሉ፤ እነሱም ርካሽ ናቸው። ጠዋት መጀመሪያ ሲያስነሡት ሰማያዊ ጭስ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ የቫልቮላ ጎማዎቹ ደርቀዋል፤ ይህ ሞተር ሳይወርድ ይሠራል። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረግጡ የሚያጨስ ከሆነ ግን ፋሻው ነው። የሞተሩን ትንፋሽ ወደ አየር ማስገቢያው የሚመልሰው ቫልቭ በቆሻሻ ተዘግቶ ዘይት የሚያስጠጣበትም ጊዜ አለ፤ ዋጋው ከሌላው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ስለሆነ ከሁሉ በፊት እሱን ያስቀይሩ። ካንዴላዎቹንም ያስወጡና አራቱን ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ ዘይት የሚገባበት ሲሊንደር ካንዴላ ጥቁርና እርጥብ ሆኖ ይገኛል። አንዱ ብቻ ከሆነ ችግሩ የዚያ ሲሊንደር ነው።

ፋሻው ነው ተብሎ ከተረጋገጠና ሲሊንደሩ ተለክቶ በፋብሪካው ልክ ውስጥ ከተገኘ፣ በልኩ አዲስ ፋሻ ያስገባሉ። ሲሊንደሩ ከልክ ካለፈ ያገለገለ ሞተር መግዛት ይሻላል። እስከዚያ ድረስ በአንድ ሊትር ምክንያት አይደንግጡ፤ ዘይቱን በየሳምንቱ እያዩ መንዳት ይችላሉ። ሞተሮች በብዛት የሚሞቱት ዘይት በመጠጣታቸው ሳይሆን ባለቤቱ የጠጡትን ባለመተካቱ ነው።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ነው። የኮሮላዬን ሞተር ባለፈው ዓመት አስቀየርኩ። ዘንድሮ ቦሎ ልወስድ ስሄድ የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አይመሳሰልም ብለው መለሱኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ልክ ናቸው። ሊብሬህ ላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥር ሁለቱም ተጽፈዋል፤ ቁጥሩ የተመታው ብሎኩ ላይ ስለሆነ ብሎክ ከተቀየረ ሊብሬውም መስተካከል አለበት። ከሻጩ ደረሰኝና የሞተሩን የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ቅጂ ይዘህ መኪናው የተመዘገበበት የትራንስፖርት ቢሮ ሂድ፤ የሚጠይቁህን ሌላ ወረቀት እዚያው ይነግሩሃል። ሻጩን ዛሬውኑ ፈልገው፤ ሱቅ ሲቀይር አድራሻው ይጠፋል።

ሊገዙ ለሚያስቡ ሌሎች አንባቢዎችም ይህ ይድረሳቸው፦ የራስን ብሎክ የሚያሳድስ ሰው ቁጥሩ ስለማይለወጥ ይህ ጣጣ የለበትም። ቁጥሩ በመፍጫ የተላጠ ወይም እንደገና የተመታ ሞተር ካያችሁ ዋጋውን ሳትጠይቁ ውጡ። ሻጩ ዲክላራሲዮኑን “በኋላ አመጣለሁ” ካለም ገንዘቡን በኋላ ስጡት።